ጓዝሽን ፍቺው

ልጄ፣ ትናንት በስልክ «አክስቴ፣ ምን ይዤ ልምጣ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ወፍራም ብርድ ልብስ» አልኩሽና ተሳስቀን ዘጋን። ውሸቴን አልነበረም። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥተሽ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ካለፈ ከተማ፣ ያውም በነሐሴ ዝናብ ስትገቢ መጀመሪያ የሚቀበልሽ ብርዱ ነው። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን ጥያቄሽ አልለቀቀኝም። እኔም ባሌን፣ ሦስት ልጆቼንና አማቴን ይዤ ከደሴ አዲስ አበባ የገባሁት በ1985 ነው። ያኔ ቁጭ አድርጎ «እንዲህ አድርጊ» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉንም ተሳስቼ ተማርኩት። አንቺ የእኔን ስሕተት እንዳትደግሚ ብዬ ብዕር አነሳሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ነገር ማሳጠር አይሆንለትምና ታገሺኝ።

ከወረቀቱ ልጀምር። ከቀበሌያችሁ መሸኛ ሳትይዙ ከኮምቦልቻ እንዳትነሱ። እዚህ ወረዳ ሄዳችሁ የነዋሪነት መታወቂያ ስትጠይቁ «መሸኛችሁስ?» መባላችሁ አይቀርም፤ ረስታችሁት ከመጣችሁ ለአንዲት ማኅተም ስትሉ ወደ አራት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ትመለሳላችሁ። የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ቤት መልቀቂያቸውንና ካርዳቸውን፣ የጋብቻ ወረቀታችሁን ዋና ዋናውን ያዢ፤ ኮፒውን ሌላ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጪ። ከቤታችሁ ፋይዳ ያላወጣ ካለ ሰው በሚያውቃችሁ አገር ሳላችሁ ያውጣ። ይህን ሁሉ በእጅ ቦርሳሽ ያዢው እንጂ ዕቃ በሚጭነው መኪና ላይ አትላኪው። የትንሿን የክትባት ካርድ ደግሞ ከራስሽ መታወቂያ ጋር አድርጊው። ዘጠኝ ወር ሲሞላት የኩፍኝ ክትባት አለባት፣ ሁለተኛውን በአሥራ አምስት ወሯ ትወስዳለች፤ በጓዝ ግርግር መሃል ቶሎ የሚረሳው ይህ ነው። በምትገቡበት ሰፈር ያለውን ጤና ጣቢያ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቀሽ እወቂው። ልጅ ታሞ በሌሊት ከመፈለግ በጤና ቀን መንገዱን መልመድ ይሻላል።

ስትመጡ የምታርፉት እኔ ጋ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን እውነቱን ከእኔ ስሚው፤ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ወጥ ቤት ሲሰነብት ፍቅር ይሳሳል። አንቺ ልጆችሽን «ዝም በሉ» እያልሽ ትሳቀቂያለሽ፣ እኔ ደግሞ መሳቀቅሽን እያየሁ እጨነቃለሁ። ስለዚህ ከመጣችሁበት ቀን ጀምሮ ቤት ፈልጉ፤ በወር ውስጥ የራሳችሁን በር ዝጉ። ተከፋፍተን ሳይሆን ተነፋፍቀን እንድንጠያየቅ ነው።

ቤት ስትፈልጉ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከኪራዩ ዋጋ ስለሚጀምር ነው። እናንተ ከባልሽ ሥራና ከልጆቹ ትምህርት ቤት ጀምሩ። እዚህ ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በስንት ታክሲ እንደሚደረስ ነው የሚቆጠረው። ዳር ወጥቶ በርካሽ የተከራየ ሰው ሦስት ታክሲ እየቀያየረ የሚከፍለውን ሲደምረው ርካሹ ቤት ውድ ይሆንበታል። በዚያ ላይ አባት ልጆቹ ሳይነሱ ወጥቶ ከተኙ በኋላ የሚገባ ከሆነ እሱ ምን ቤት ነው? ቤቱን ከወደዳችሁት በሥራ ቀን ጠዋት በአንድ ሰዓት እዚያ ሰፈር ሂዱና የታክሲውን ሰልፍ በዓይናችሁ እዩ። እሑድ ከሰዓት የታየ ሰፈር ሁሉ ያምራል።

አሁን ስለ ውኃ ልንገርሽ። በዚህ ከተማ ደላላ «ውኃ የማይጠፋበት» ያላለው ቤት የለም። አንቺ ቧንቧውን ራስሽ ክፈቺ። ቢወርድም ቶሎ ደስ አይበልሽ፤ የሚወርደው ከሮቶ ነው ወይስ ከመስመር ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ዓይንሽን ወደ ግቢው ጥግ ጣል አድርጊ። ቢጫ ጀሪካኖች በተርታ ተደርድረው፣ ክዳናቸው በገመድ ታስሮ፣ አንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በማርከር ተጽፎ ካየሽ ነገሩ ገብቶሻል። ስም የተጻፈበት ጀሪካን ማለት በውኃ የተጣሉበት ግቢ ማለት ነው። ደላላ ይዋሻል፣ አከራይም ያለሳልሳል፤ ጀሪካን ግን አይዋሽም። ልብስ የምታጥብ ተከራይ ካገኘሽ ጠጋ ብለሽ «እኅቴ፣ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቀን ነው ሌሊት?» በያት። እኛ መጀመሪያ የገባንበት ቤት ውኃ የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት ከስምንት ሰዓት በኋላ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም።

ኮንዶሚኒየም የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ ፎቁን አስቢበት። አብዛኞቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ሆነው ሊፍት የላቸውም። ምድር ቤት የደረሰ ውኃ አራተኛ ፎቅ ላይ ላይወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጀሪካኑ በሰው ጀርባ ነው የሚወጣው። እናትሽን አንድ ቀን ልታመጫት እንደምታስቢ አውቃለሁ። የጉልበት ሕመም ያለባትን ሴት አራተኛ ፎቅ ማውጣት እስር ቤት እንደ ማስገባት ነው። በርበሬ የምታሰጣበት ፀሐይ፣ በር ላይ ተቀምጣ ሰላም የምትለው መንገደኛ ያስፈልጋታል።

ግቢ ውስጥ የምትከራዩ ከሆነ ሌላም የሚጠየቅ አለ። ምጣድ መጠቀም ይቻላል ወይ? ቆጣሪው የራሳችሁ ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት ይከፋፈላል? የግቢው በር በስንት ሰዓት ይቆለፋል? የልጆቹን ቁጥር ደግሞ ደብቀሽ እንዳትገቢ። አንዳንድ አከራይ ልጅ የበዛበት ቤተሰብ ስለማይወድ «ሁለት ናቸው» ብሎ በሦስት የሚገባ አለ። በውሸት የገባ ተከራይ ሦስተኛው ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ይደነግጣል።

ቤቱን ካገኛችሁ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥሩ 1320 ነው፣ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ኪራዩም በባንክ ወይም በስልክ ክፍያ እንዲሆን ያዛል። «ኧረ በመተማመን ነው» የሚልሽ አከራይ ይኖራል። አንቺም በትሕትና «እማማ፣ መተማመኑ እንዳይበላሽ ብለን ነው» በያቸው። ሕግ አውቃለሁ ብለሽ ግን አፍ አትካፈቺ። ሕጉን በቦርሳሽ፣ ትሕትናሽን በአንደበትሽ ያዢ። የተመዘገበ ውል መታወቂያ ለማውጣትም፣ ልጅ ለማስመዝገብም ይረዳሻል።

ስለ መንገድ ብዙ አልልም፤ እግርሽ ራሱ ያስተምርሻል። እዚህ ታክሲ ሲባል ሚኒባሱ ነው፤ ረዳቱ የሚጠራውን ሰምተሽ ትሳፈሪያለሽ፣ መውረጃሽ ሲቃረብ «ወራጅ አለ!» ትያለሽ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፤ ያፈረ ሰው አንድ ፌርማታ አልፎ ይወርዳል። ዝርዝር ብር ያዢ፣ ግፊያ ላይ ቦርሳሽን ወደ ፊት አዙሪ፣ መስኮት ዳር ተቀምጠሽ ስልክ አታውሪ። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራ የከተማ ባቡርም አለ፤ አንደኛው መስመር አያትን ከጦር ኃይሎች ያገናኛል፣ ሌላኛው ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። ሰው ቤቱን ሲነግርሽ የመንገድ ስምና ቁጥር አትጠብቂ። «ከወፍጮ ቤቱ ወደ ግራ ታጥፈሽ፣ ሰማያዊው በር» ነው የሚባለው። ስለዚህ ልጆቹ ወፍጮ ቤታቸውን ይወቁ! የሰፈሩን ስም፣ የቅርቡን ታዋቂ ምልክት፣ የአንቺንና የአባታቸውን ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር በቃላቸው ያጥኑ። በስልክሽ ላይ ደግሞ እነዚህን መዝግቢ፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939፣ ፖሊስ 991፣ መብራት 905፣ ውኃ 906።

ገንዘቡን ደግሞ እንደ እንጀራ ሊጥ ተጠንቀቂው፤ ሳታስቢው ይፈስሳል። የመጀመሪያውን ሦስት ወር የቤት ዕቃ አትግዢ። ፍራሽ፣ ምጣድ፣ ሁለት በርሜልና ጥቂት ጀሪካን ይበቃችኋል። ሶፋ የት ይሄዳል? ጤፍ በኪሎ ከመግዛት ከሁለት ጎረቤት ጋር ተባብራችሁ አንድ ኩንታል ተካፈሉ፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ መተዋወቂያም ነው። አትክልቱን ከቅዳሜና እሑድ ገበያ፣ ዘይትና ስኳሩን ከሸማቾች ማኅበር ጠይቂ። የአገር ቤቱ ሰው ደግሞ «አዲስ አበባ ገቡ» ሲባል ብር የሚታፈስ እየመሰለው መደወል ይጀምራል። ለወላጅ የምትልኩትን ትንሽ ነገር ከባልሽ ጋር ቆርጣችሁ በየወሩ ላኩ፤ ለሌላው «እግራችን ይተከል» በሉ። ተበድሮ የሚላክ ብር የላኪውንም የተቀባዩንም ቤት ያፈርሳል።

ልጆቹ ከእናንተ ቶሎ ይለምዳሉ፤ እንዳትታለይ ግን፣ መጀመሪያ የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። ትልቁ እዚያ አንደኛ ይወጣ ነበር። እዚህ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሃያኛ ቢወጣ አትቆጪው። «ምን ነካህ?» ያልሽው ልጅ የነካውን ይደብቅሻል። መንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ምገባም አለ፤ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር አንድ ላይ መብላቱ ለመላመድ ራሱ መድኃኒት ነው። አነጋገሩን ካሾፉበት አንቺ አብረሽ አታርሚው፤ የወሎ ልጅ ለዛው ሀብቱ ነው። ምዝገባው ቦታ ሳይሞላ ደግሞ ባልሽ ቀደም ብሎ መጥቶ ይጠይቅ።

እሑድ እሑድ ከተማውን አሳዪአቸው። እንጦጦ ውጡ፣ ወዳጅነት ፓርክ ሂዱ፣ ስድስት ኪሎ አጠገብ ብሔራዊ ሙዚየም አስገቢያቸው። እዚያ ድንቅነሽ አለች። በ1967 ሐዳር ላይ ስትገኝ ቦታው በድሮው አከፋፈል ወሎ ክፍለ ሀገር ነበርና «እሷም የአገራችን ልጅ ናት፣ ከእኛ በፊት አዲስ አበባ ገብታ ነው» በያቸው። እኔ ለልጆቼ እንዲህ ብዬ ነበር ያስጎበኘኋቸው። ትንሹ ወንድ ልጄ «ታዲያ መታወቂያ አላት?» ብሎ ጠባቂውን አሳቀው።

ለአንቺ ለራስሽ ደግሞ አንድ ነገር። ባልሽ ሥራ ቦታው ላይ ሰው ያገኛል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ጓደኛ ያገኛሉ። አንቺ ከአራት ግድግዳ ጋር ትቀሪያለሽ። መጀመሪያ አካባቢ ግርግሩ ያስረሳሻል፤ ናፍቆቱ የሚመጣው በአምስተኛው በስድስተኛው ወር፣ ሁሉ ነገር የተስተካከለ በመሰለ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ያለ ምክንያት ትቆጫለሽ፣ ባልሽም «ምን ጎደለሽ?» ይልሻል። የጎደለሽ ስምሽን ጠርቶ «ቡና ጠጪ» የሚልሽ ሰው ነው። ይህን አስቀድመሽ ካወቅሽው ጠብ ሳይሆን ናፍቆት መሆኑ ይገባሻል፤ ለባልሽም ዛሬውኑ ይህን አንቀጽ አንብቢለት።

እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ ሌላም ሰው ይነግርሻል። ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ይህ የሚቀጥለው ነው።

እኛ ስንመጣ የልጆቼ አባት «ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን» ይል ነበር። እኔም አምኜው ነበር። ስለዚህ ሁሉን ነገር በጊዜያዊነት ያዝነው። ከደሴ ያመጣሁትን የስኒ ካርቶን ከነገመዱ አልጋ ሥር ከተትኩት፤ ረከቦቴም ጀበናዬም እዚያው ነበሩ። ለራሳችን በፕላስቲክ ኩባያ ሻይ እንጠጣ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች እድር እንድንገባ ሁለት ጊዜ ሰው ላኩብን፤ ባሌ «ለምንሄድበት ሰፈር መግቢያ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» ብሎ መለሳቸው። ሰበካ ጉባኤም አልተመዘገብንም፣ ንስሐ አባትም አልያዝንም። አከራያችን ኮስታራ ሴት ስለነበሩ ከሰላምታ አልፌ አላዋራቸውም።

በዘጠነኛው ወር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አማቴ አረፉ። እኔና ባሌ አስከሬኑ አጠገብ ቆመን ተያየን። ማንን እንጥራ? የት እናስቀብር? ድንኳኑስ? ወንበሩስ? ደሴ ቢሆን ገና እሪ ስል ሰፈሩ ግቢውን ይሞላው ነበር። እዚህ ጮኼ ማልቀስ እንኳ አፈርኩ፤ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነበር የማለቅሰው። ያቺ ኮስታራ አከራያችን ግን ሰምተው ኖሮ በሩን አንኳኩ። ገብተው አዩ፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጋቢያቸውን ተከናንበው በዚያ ጨለማ ወጡና የእድሩን ዳኛ ቀሰቀሱ። ሳይነጋ ጡሩንባ ተነፋ። ሲነጋ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሴቶች ብረት ድስት ጥደዋል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አንዲት ሳንቲም ያላዋጣንበት እድር አማቴን በክብር ቀበረልን።

በሠልስቱ ማግሥት የእድሩ ጸሐፊ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ስማችሁን ልጽፍ ነው። መግቢያውን በሦስት ጊዜ መክፈል ይቻላል።» አልወቀሱንም፣ አልመከሩንም። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ፈረመ። እኔ ያን ዕለት ማታ አልጋው ሥር ገብቼ ካርቶኑን ጎተትኩና ገመዱን በቢላ ቆረጥኩት። ሁለት ስኒ ተሰብሮ ነበር። የቀሩትን አጥቤ በማግሥቱ ቡና ቆላሁ፤ ከአቦል እስከ በረካ ያ ኮስታራ የመሰለኝ ፊት ሲስቅ ዋለ። ከተማ የገባሁት በ1985 ነው ብዬሻለሁ፤ የኖርኩበት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

አየሽ ልጄ፣ አዲስ አበባ ራሷ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ ወዲህ የመጣ ሰው ያቆማት ከተማ ናት። እድርንም በዚህ ከተማ ያስፋፉት ከየአገሩ መጥተው ዘመድ አጠገባቸው የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እድር ስትገቢ ለሞት እየከፈልሽ አይደለም፤ ስምሽ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ በስብሰባ ስትቀሪ «የት ሄደች?» የሚልሽ ሰው እያገኘሽ ነው። ተከራይ ነን፣ ነገ እንለቃለን ብላችሁ አትለፉት። ብትለቁ የሚቀርባችሁ ጥቂት ብር ነው፤ ሳትገቡ ብትቀሩ ግን እኔና ባሌ እንደ ቆምነው ትቆማላችሁ። እቁቡን ግን አትቸኩዪ፤ ሰውን ሳታውቂ ዓመት ሳይሞላሽ ትልቅ እቁብ አትጣዪ። ለእድር ፍጠኚ፣ ለእቁብ ዘግዪ።

ከተማው ከባድ ነው ሲሉሽ ትሰሚያለሽ። ውኃው፣ ታክሲው፣ ኪራዩ እውነትም ይከብዳል፤ ሰው ግን ይለምደዋል። የማይለመደው በሁለት ልብ መኖር ነው፤ አንዱን ልብ ኮምቦልቻ ትቶ በሌላው እዚህ ማደር። ስትመለሱ ትመለሳላችሁ። እስከዚያ ግን የምትኖሩት እዚህ ነው።

አብሽሪ፣ እኔ አለሁ። ብርድ ልብሱን አትርሺ። ስኒዎቹን በጋዜጣ አንድ በአንድ ጠቅልለሽ ከላይ አድርጊያቸው፤ የራሳችሁን ቤት በገባችሁበት ቀን፣ ዕቃው ሁሉ መሬት ላይ እንደተዝረከረከ፣ መጀመሪያ እነሱን ፍቺ። ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉትን በሮች አንኳኪና ቡና ጥሪ።